ስለ ንግድ ስምና ስለ ሁለቱ ፀ የወጣ አዋጅ

የሰማህ ላልሰማ አሰማ!

«ስምን መልአክ ያወጣዋል» የሚለው የአበው ቃል እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ያለ ተቃውሞ ሲሠራበት የቆየ በመሆኑ፤

መልአኩ ግን ወደ ንግድ ምዝገባው ሲስተም መግቢያ ፓስወርድ እንዳልተሰጠው በተግባር የተረጋገጠ በመሆኑ፤

አንድ ባለጉዳይ ለእንጀራ ቤቱ የእናቱን ስም ለማውጣት አራት ቀን ተመላልሶ፣ በአምስተኛው ቀን የእናቱን ስም በተሳሳተ ፊደል ተረክቦ ወደ ቤቱ የገባ በመሆኑ፤ ይኸው ባለጉዳይ ከዚያን ቀን ወዲህ እንቅልፍ አጥቶ ሌሊት ሌሊት አዋጅ ሲያረቅ የሚያድር በመሆኑ፤

ለነገሩ መላ ማበጀት አስፈላጊ ሆኖ በመገኘቱ፣ ባለጉዳዩ ማንም ሳይወክለውና ማንም ሳይመርጠው የሚከተለውን አውጇል።

አንቀጽ 1፦ አጭር ርዕስ

ይህ አዋጅ «የሞክሼዎች አዋጅ ቁጥር 12» ተብሎ ሊጠቀስ ይችላል። ከቁጥር 1 እስከ 11 ያሉት አዋጆች አልወጡም። ቁጥሩ ለምን 12 እንደሆነ በአንቀጽ 4 ይታያል።

አንቀጽ 2፦ ትርጓሜ

የቃሉ አገባብ ሌላ ትርጉም የሚያሰጠው ካልሆነ በስተቀር በዚህ አዋጅ ውስጥ፦

«ባለጉዳይ» ማለት ፋይሉን በብብቱ ይዞ ኮሪደር ላይ የሚጠብቅ፣ ስሙ ሲጠራ የማይሰማ፣ የሌላ ሰው ስም ሲጠራ ደግሞ ዘሎ የሚነሳ ሰው ነው።

«መስኮት» ማለት መስታወቱ ላይ አንዲት ቀዳዳ ያላት፣ ቀዳዳዋም ከቆመ ሰው አፍ በታች፣ ከተቀመጠ ሰው አፍ በላይ የተበሳች፣ ስለዚህም ሰው ሁሉ ጎንበስ ብሎ የሚናገርባት ቦታ ናት።

«ሲስተም» ማለት የለም ሲባል ሁሉም የሚያምነው፣ አለ ሲባል ማንም የማያየው ነገር ነው።

«ሞክሼ» ማለት በስም የሚገናኝ ሰው ነው። የሀገራችን ሰው ሞክሼውን ሲያገኝ ይስቃል፣ እጁን ይጨብጣል፣ ከዚያ በኋላም በስሙ አይጠራውም፤ «ሞክሼ!» ነው የሚለው። ድምፃቸው አንድ፣ መልካቸው ለየቅል የሆኑ ፊደላትም በዚሁ ስም ይጠራሉ። በምዝገባ መስኮት በኩል ግን ሞክሼ ማለት ባላጋራ ነው።

አንቀጽ 3፦ ስለ ጥሩ ስም

ጥሩ የንግድ ስም አጭር፣ ለአፍ የማይከብድ፣ በስልክ ሲነገር «ምን አልክ?» የማያስብል ሊሆን ይገባል። ባለጉዳዩ ይህን ድንጋጌ ያረቀቀው ከመስኮቱ ወደ ቤቱ ሲመለስ፣ ታክሲ ውስጥ ሆኖ የመንገዱን ታፔላ እያነበበ ነው። ሌላ የሕግ ምንጭ የለውም።

ቶሞካን ይመልከቱ። ፒያሳ ላይ እ.ኤ.አ. በ1953 የተከፈተው ይህ ቡና ቤት ስሙ ከጣሊያንኛ የመጣ ነው፤ «ቶሬፋትሲዮኔ ሞዴርና ካፌ» ከሚሉት ቃላት መነሻ መነሻው ተለቅሞ ነው ቶሞካ የሆነው። ዘመናዊ የቡና መቁያ እንደማለት ነው። ዛሬ እዚያ ቆሞ ማኪያቶውን ከሚጠጣው ሰው ስንቱ ይህን ያውቃል? ማወቅም የለበትም። ሦስት ፊደል ነው፤ የቡናው ሽታ ደግሞ ከስሙ ቀድሞ መንገደኛውን ይይዘዋል። ካዛንቺስም እንዲሁ በጣሊያን ጊዜ የመንግሥት ሠራተኞችን ቤት ይሠራ ከነበረ ድርጅት አሕጽሮተ ስም የመጣ ነው፤ ድርጅቱ ሄደ፣ ስሙ ሰፈር ሆኖ ቀረ።

ስም መጋራትም በራሱ ኃጢአት አይደለም። ዳሸን አንድ ተራራ ነው፤ ዳሸን ባንክና ዳሸን ቢራ ግን የተለያዩ ኩባንያዎች ናቸው፣ ቢራ አምሮት ባንክ የገባ ሰውም እስከ ዛሬ አልተሰማም። አንበሳ ጫማ ነው፤ አውቶቡስ ነው፤ ባንክም ነው። አቢሲኒያ ባንክ የሚለው ስም ደግሞ ሞቶ ተነሥቷል፦ በምኒልክ ዘመን እ.ኤ.አ. በ1905 የተቋቋመው ባንክ ከፈረሰ ከስንት ዘመን በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1996 የተመሠረተው የግል ባንክ ስሙን አንሥቶታል። የሌሎቹ ባንኮች ስም ተደርድሮ ሲነበብማ ሌሊቱ እንዴት እንደሚነጋ ይተርካል፦ ወጋገን፣ ጎህ፣ ብርሃን፣ ፀሐይ። ፀሐይ የሚባል ኢንሹራንስም አለ። ይህ ሁሉ ሲነጋ ማንም አልተደናገረም።

አንቀጽ 4፦ ስለ ተመሳሳይነት

1. በንግድ ምዝገባና ፈቃድ አዋጅ ቁጥር 980/2008 መሠረት አንድ የንግድ ስም ከሌላው ጋር አንድ ዓይነት ወይም በሚያሳስት ደረጃ ተመሳሳይ ሆኖ አይመዘገብም። ደግ ሕግ ነው። ገበያተኛ እንዳይታለል፣ ሠርቶ ስሙን ያስከበረ ነጋዴም ስሙን እንዳይነጠቅ ነው። ባለጉዳዩ በዚህ ላይ ቅሬታ የለውም። ጥያቄው፣ «ተመሳሳይ» የሚባለው በማን ሚዛን ነው? በዓይን፣ በጆሮ ወይስ በሲስተም?

2. የተፈጸመው እንደሚከተለው ነው። ባለጉዳዩ ጎንበስ ብሎ «ፀሐይ እንጀራ» አለ። ከመስታወቱ ወዲያ ያለችው ልጅ ጻፈችው፤ ቁልፍ ተጫነች፤ ጠበቀች።

«ጋሼ፣ ይሄ ተይዟል።»

«የኔ እናት፣ ማን ያዘው?»

«ሲስተሙ አያሳይም። ሌላ ስም የለዎትም?»

«የእናቴ ስም ነው። ሌላ ስም የላትም።»

ልጅቷ ክፉ አይደለችም። ግራ ቀኟን አየት አደረገች፤ ድምጿን ቀነስ አድርጋ «በሌላኛው ጸ እስቲ እንሞክረው» አለች። ተሞከረ። ተይዟል። «ሐ-ውንም እንቀይረው?» ተቀየረ። አለፈ። «ጸሃይ እንጀራ» የሚል ወረቀት ከማተሚያው እየሞቀ ወጣ፤ ማኅተም አረፈበት። እንኳን ደስ ያለዎት!

3. ፊደል የቆጠረ ሁሉ እንደሚያስታውሰው፣ የኔታ ሞክሼዎቹን የሚለዩአቸው ቅጽል እየሰጡ ነበር። ሀሌታው ሀ፣ ሐመሩ ሐ፣ ብዙኃኑ ኀ። እሳቱ ሰ፣ ንጉሡ ሠ። አልፋው አ፣ ዐይኑ ዐ። የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ደግሞ ጸሎቱ ጸ እና፣ አንባቢ ልብ ይበል፣ ፀሐዩ ፀ ይባላሉ። ፊደሏ ስሟን ያገኘችው ከፀሐይ ነው። በግዕዙ ወግ ፀሐይ የምትጻፈው በፀሐዩ ፀና በሐመሩ ሐ ነው። አለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ ፊደል ሁሉ ከቦታው እንዳይናወጥ ሲሟገቱ ኖረው፣ መዝገበ ቃላታቸው ካረፉ በኋላ በደቀ መዝሙራቸው በደስታ ተክለ ወልድ ትጋት በ1948 ታተመ። ደግነቱ ይህን መስኮት አላዩም። በዚህ መስኮት በፀሐዩ ፀ እንዳትጻፍ የተከለከለችው፣ ከፍጥረት ሁሉ ተለይታ፣ ፀሐይ ናት።

4. አሁን ሒሳቡ። መነሻው ፀ ወይም ጸ ነው፤ ሁለት። መካከሉ ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ ወይም ኃ ነው፤ ስድስት። ሁለት ጊዜ ስድስት አሥራ ሁለት። ፀሐይ፣ ፀሓይ፣ ፀሀይ፣ ፀሃይ፣ ፀኀይ፣ ፀኃይ፣ ጸሐይ፣ ጸሓይ፣ ጸሀይ፣ ጸሃይ፣ ጸኀይ፣ ጸኃይ። ሁሉም ሲነበቡ አንድ ናቸው። ሲስተሙ ዘንድ ግን አሥራ ሁለት ፀሐዮች በአንድ ሰማይ ላይ መውጣት ይችላሉ። ኃይለ ሥላሴ የሚባል ነጋዴ ደግሞ ዕድሉ ሰፊ ነው፤ በዚሁ ስሌት ሃያ አራት ሱቅ ይከፍታል።

5. ስለሆነም በንዑስ አንቀጽ 1 የተደነገገው ክልከላ እንደሚከተለው ተሻሽሏል።

(ሀ) አመልካቹ ስሙን ከእናቱ ያገኘው ከሆነ ክልከላው አይመለከተውም።

(ሐ) በፊደል ተራ ሀ የተሰጠው መብት የሚሠራው እናቲቱ በአካል ቀርባ ስሟ የራሷ መሆኑን ስታረጋግጥ ነው፤ መቅረብ የማትችል ከሆነ፣ ምክንያቱ ሞት ቢሆንም እንኳ፣ በሦስት የሥራ ቀናት ውስጥ በጽሑፍ ታሳውቃለች።

(ኀ) በፊደል ተራ ሐ የቀረበ አቤቱታ በፊደል ተራ ሀ እንደቀረበ አይቆጠርም። ባለጉዳዩ በቃል ሲያስረዳ «በሀ ነው» ካለና «በየቱ ሀ?» ተብሎ ከተጠየቀ ፊደሉን በጣቱ አየር ላይ ይጽፋል።

(ሰ) አየር ላይ ሲጽፍ የታየ ባለጉዳይ በጥበቃ አይወጣም።

(ሠ) ሰ እንደተጠበቀ ሆኖ፣ ደጋግሞ ከጻፈ ይወጣል።

(ጸ) በሰማይ አካል፣ በተራራ፣ በወንዝ ወይም በዱር አውሬ ስም ለመጠራት የሚፈልግ አመልካች ካፒታሉ ብዙ ከሆነ ጎንበስ ሳይል ሊያመለክት ይችላል።

(ፀ) ይህች ፊደል ተይዛለች።

ይህን አቆጣጠር ባለጉዳዩ ከራሱ አላመነጨውም። የመንግሥት ሕግ ራሱ ንዑሳን ነጥቦቹን ሲቆጥር ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ ይላል፤ ሀና ሐን እንደ ሁለት ቁጥር ይወስዳቸዋል። በጽሑፍ ሁለት፣ በጆሮ አንድ። ችሎት ቆሞ «በፊደል ተራ ሀ» የሚል ጠበቃ የቱን ማለቱ እንደሆነ ፈጣሪ ይወቅ።

6. እዚህ ላይ አዋጁ ለጥቂት መስመር ይቁም።

ወይዘሮ ፀሐይ ማንበብና መጻፍ አያውቁም ነበር። ቀበሌ ሲጠሩ የሚፈርሙት በአውራ ጣታቸው ነው፤ ጣታቸውን ደግሞ ምጣዱ ስለጨረሰው መስመር የለውም፣ ቀለሙ ወረቀቱ ላይ እንደ ጠብታ ነው የሚያርፈው። ሌሊት በዘጠኝ ሰዓት ይነሳሉ። ያነዳሉ። ምጣዱን በጎመን ዘር ያስሳሉ። ሊጡን ከዳር ጀምረው እያዞሩ ያፈሳሉ፤ ዓይን ማውጣት ሲጀምር አክምባሎውን ይደፉበታል፤ አክምባሎው ሲነሳ እንፋሎቱ ፊቷን ይመታታል፣ እሷ ግን ፊቷን አታዞርም፣ ሰፌዱን ሸርተት አድርጋ ከሥሩ ታወጣዋለች። አራት ልጅ እንዲህ አሳደገች። ሰፈሩ በሙሉ «የፀሐይ እንጀራ አምጡ» እያለ ልጅ ሲልክ ፊደል የጠየቀ አልነበረም። በየትኛው ፀ እንደምትጻፍ ሳታውቅ ኖራ፣ ሳታውቅ ሞተች።

ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይባላል። የእሷ መቃብር ላይ «ፀሀይ» ነው የሚለው፤ ድንጋይ ጠራቢው እንደመሰለው ጻፈው። የቀበሌ መታወቂያዋ «ጸሀይ» ይላል። የንግድ ፈቃዱ «ጸሃይ»። እስቲ ይህን ሁሉ ሰው ማን ወለደው? አንዲት ሴት እኮ ናት! አንዲት ሴት! አምስት ቀን ወረፋ ጠብቆ የእናቱን ስም አበላሽቶ እንዲያስመዘግብ የተመከረ ልጅ ምን ይላል? ባለጉዳዩ ምን እንዳለ ይታወቃል። «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» አለ። ጎንበስ እንዳለ፣ በዚያች ቀዳዳ። ሌሊት ሌሊት የሚያንገበግበው ፊደሉ አይደለም፤ ይህ ምስጋናው ነው።

7. አዋጁ ይቀጥላል። እንጀራ የወሰደ አንድ ሆቴል ሒሳቡን በቼክ ከፈለ፤ ቼኩ ላይ «ፀሐይ እንጀራ» ብሎ ጻፈ። እንደማንኛውም ሰው። ባለጉዳዩ ባንክ ይዞት ሄደ። ሌላ መስኮት፣ ሌላ ጎንበስ። «ጋሼ፣ ቼኩና የሒሳቡ ስም አይመሳሰልም።» እንግዲህ በአንዱ መስኮት በመመሳሰል የተመለሰ ሰው በሌላው መስኮት ባለመመሳሰል ተመለሰ። መፍትሔው ቀላል እንደሆነ ተነገረው፦ ፈቃዱን ከሰጠው ቢሮ «ፀሐይ እና ጸሃይ አንድ ናቸው» የሚል ደብዳቤ ማምጣት ብቻ ነው።

ወደ ቢሮው ተመለሰ። ልጅቷ አለቃዋን ጠራች። አለቃው መነጽሩን አወለቀ፤ ወረቀቱን አራቀ፣ አቀረበ። ከዚያ ባለጉዳዩ እስከ ዛሬ መልስ ያላገኘለትን ቃል ተናገረ።

«አንድ ናቸው ብለን ከጻፍንልዎት እኮ ፈቃድዎ ይሰረዛል። ፀሐይ ተይዟል።»

ስለዚህ፦ አንድ ከሆኑ ፈቃዱ ይወድቃል፣ ሁለት ከሆኑ ገንዘቡ አይወጣም። ሆቴሉ ቼኩን ቀዶ በጥሬ ገንዘብ ከፈለ።

8. በሽታው የእኛ ብቻ አይደለም። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2005 ሐረር፣ ይርጋጨፌና ሲዳሞ የሚሉትን የቡና ስሞች አሜሪካ ውስጥ የንግድ ምልክት አድርጋ ለማስመዝገብ ስታመለክት፣ ሲዳሞ ላይ ስትደርስ ሌላ ማመልከቻ ቀድሟት ተቀምጦ አገኘች። ስታርባክስ እ.ኤ.አ. በ2004 «ሺርኪና ሰን-ድራይድ ሲዳሞ» ለሚል ስም አመልክቶ ነበር። ሺርኪና የኛው ሽርክና ናት፤ ሲዳሞ የኛው ሲዳሞ ነው፤ ሰን-ድራይድ ማለት ደግሞ በፀሐይ የደረቀ ማለት ነው። እዚያም ፀሐይ! ሀገር የምታህል ባለጉዳይ በራሷ ስም «ተይዟል» ተባለች። ኩባንያው ማመልከቻውን እ.ኤ.አ. በ2006 ተወው፤ በሚቀጥለው ዓመት ከኢትዮጵያ ጋር የስም አጠቃቀም ስምምነት ተፈራረመ። አንዲት ሀገር ሁለት ዓመት ከፈጀባት፣ አንድ እንጀራ ቤት አምስት ቀን ቢፈጅበት ምን ይባላል? እንዲህ ብሎ ራሱን ለማጽናናት ሞክሯል። አልሠራም።

9. ከሦስት ወር በኋላ ከመንገዱ ማዶ፣ ልክ ፊት ለፊት፣ «ፀሃይ እንጀራ» ተከፈተ። ፈቃድ አለው፤ ሕጋዊ ነው። ደንበኛው በስልክ «የፀሐይ እንጀራ ጋ ደርሻለሁ» ሲል የትኛው በር ላይ እንደቆመ አይታወቅም። ገበያተኛ እንዳይሳሳት ተብሎ የወጣው ሕግ ፍሬው ይኸው ነው። ባለጉዳዩ ለጠብ ተሻገረ። የወዲያኛው ባለቤት ስሙን ያወጣው በሦስት ዓመት ልጁ ነበር፤ ልጅቷም ባንኮኒው ሥር ተቀምጣ የእንጀራ ቅዳጅ ትበላ ነበር። ምን ይባላል? «ሞክሼ» ብሎ ጉንጯን ስሞ ተመለሰ።

አንቀጽ 5፦ ስለ ሁለቱ መዝገቦች

የንግድ ስም በአዋጅ 980/2008፣ የንግድ ምልክት በአዋጅ 501/1998 ይመራሉ። መዝገባቸው የተለያየ፣ መሥሪያ ቤታቸውም የተለያየ ነው፤ በአንዱ መመዝገብ በሌላው መመዝገብ አይደለም። ስም የሚያወጣ ነጋዴ ብርና ቀለም ከማውጣቱ በፊት ሁለቱንም ያስፈትሽ። ብዙ ሰው ይህን የሚያውቀው ታፔላውን ከሰቀለ በኋላ ነው።

አንቀጽ 6፦ ስለ ነባር ፀሐዮች

ከዚህ አዋጅ በፊት የነበሩ ፀሐዮች አይነኩም። እ.ኤ.አ. በ1935 እዚሁ ሀገር ውስጥ ተሠርታ በልዕልት ፀሐይ ስም የተሰየመችውን አውሮፕላን ጣሊያን ወስዶ ሙዚየም ውስጥ አቁሟት ኖሮ በ2016 ዓ.ም. ወደ ሀገሯ ተመልሳለች። ስትገባ «በየትኛው ፀ ነሽ?» ያላት የለም።

አንቀጽ 7፦ ስለ ክፍያ

እንደተለመደው።

አንቀጽ 8፦ ስለ ቅጣት

«በሌላኛው ጸ ይሞክሩት» ብሎ የመከረ ማንኛውም ሰው የገዛ እናቱን ስም በሚጻፍባቸው መንገዶች ሁሉ አንድ አንድ ጊዜ ጽፎ፣ እናቱ ዘንድ ወስዶ፣ የትኛዋ እሷ እንደሆነች ይጠይቃል። እናቱ አልማዝ የምትባል እንደሆነ በአራት ይገላገላል። ዓለምፀሐይ የምትባል እንደሆነ አርባ ስምንት ይጽፋል።

አንቀጽ 9፦ አዋጁ ስለሚጸናበት ጊዜ

ይህ አዋጅ ከዛሬ ጀምሮ የጸና ይሆናል። የመንግሥት ሕጎች አንዱ «የጸና ይሆናል»፣ ሌላው «የፀና ይሆናል» እያለ ሲዘጋ ይታያል፤ ሁለቱም ይሠራሉ፣ በፊደሉ ምክንያት ከመስኮት የተመለሰ ሕግም አልታየም። ባለጉዳዩ ለራሱ የሚጠይቀው ከዚህ ያለፈ አይደለም። ሲስተም የሚሠሩ ልጆች ሞክሼዎቹን ፊደላት በአንድ ድምፅ ቆጥሮ የሚፈልግ መፈለጊያ ይሥሩ፤ ስሙን መጀመሪያ ያስመዘገበው ማን እንደሆነ ያሳይ፤ በእናቱ ስም የመጣውንና በልጁ ስም የመጣውን ግን ሰው ያነጋግራቸው።

የታፔላው ነገር እነሆ። ታፔላ ጸሐፊው ፈቃዱን ተቀብሎ አነበበና «ይሄ ተሳስቷል» አለ። ድሮ ቄስ ትምህርት ቤት የተማረ ሽማግሌ ነው። ምንም ሳይጠይቅ በፀሐዩ ፀና በሐመሩ ሐ ጻፈው፤ ዋጋም አልጨመረም። ፈቃዱ ውስጥ ግድግዳው ላይ «ጸሃይ» እንዳለ ተሰቅሏል። ተቆጣጣሪ ገና አልመጣም። ቤቱ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ጀምሮ ክፍት ነው።